በሩ ላይ የቆሙት መርጌታ

የአደጋ ጊዜ ዕቅድ መደርደሪያ ላይ ሲያምር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባለቀለም ሽፋን አለው፤ ማኅተም አለው፤ የሚጎድለው አደጋው ብቻ ነው። ቡሬ ያለው ካምፓሳችንም እንዲህ ያለ ዕቅድ ነበረው፤ እኔ የጂኦግራፊ መምህሩ ሳልቀር የኮሚቴ አባል ነኝ ብዬ አጨብጭቤበታለሁ። «ወረርሽኝ ቢነሣ ካምፓሱ ተዘግቶ ተማሪው ወደየቤቱ ይሸኛል» ይላል። አጭር፣ ግልጽ፣ ለጭብጨባ የሚመች።

ክረምት መግቢያ ላይ ኮሌራ መጣ።

ከሴቶች ማደሪያ ጥቂት ልጆች ታመው ክሊኒክ እንደገቡ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ዲኑ አውቶቡስ ይጠራ ሊሉ ሲሉ የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር ጥሩወርቅ ተነሡ።

«ዛሬ ብንበትናቸው በሽታው የት የት እንደሚወርድ ታውቃላችሁ? አንዱ ፍኖተ ሰላም፣ አንዱ አዴት፣ አንዱ መራዊ። እዚሁ ይዘን እናክም።»

«ዕቅዱ ግን ይሸኙ ነው የሚለው» አሉ ዲኑ።

«ዕቅዱን በሽታው አላነበበውም።»

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ? በሩ ተዘጋ። የመማሪያ አዳራሹ የሕሙማን ክፍል ሆነ። የውሃ ታንከሩ ታጥቦ በመድኃኒት ታከመ። ከጠመኔ ሌላ ጨብጠን የማናውቅ መምህራን ባልዲና በረኪና ይዘን መጸዳጃ ቤት ለመጸዳጃ ቤት ዞርን፤ ሲስተር ጥሩወርቅም ማዕረጋችንን ሁሉ ረስተው «አንተ ረጅሙ!» እያሉ ያዝዙን ጀመር።

ወሬን ግን አጥር አያግደውም። ቅዳሜ፣ ገበያ ቀን፣ ደጃፉ በወላጅ ተሞላ። ከሁሉ ፊት በአዴት በኩል ካለ ገጠር የመጡ መርጌታ ነበሩ፤ በደብራቸው ቅኔ ያስተምራሉ፤ የተማሪያችን የስመኝ አባት ናቸው። የበሩን ብረት በመቋሚያቸው ቆረቆሩት።

«ለትምህርት ሰጠኋችሁ እንጂ ለመቃብር ሰጠኋችሁ? ልጄን አውጡልኝ!»

ስመኝን አስጠራናት። ከአጥሩ ራቅ ብላ ቆመች።

«አባዬ፣ ውጪ ካሉኝ እወጣለሁ። ግን አብራኝ የምታድረው ልጅ ታማለች፤ እኔንም ይዞኝ ይሆናል። የመንደራችን ምንጭ ደግሞ አንድ ነው። ታናናሾቼ ከዚያው ነው የሚጠጡት።»

መርጌታ መቋሚያቸውን ከበሩ ብረት ላይ አወረዱ።

«እንግዲያውስ ቆዪ» አሉ። ራሳቸውም አልሄዱም። ቡሬ ዘመድ ቤት እያደሩ ቀን ቀን በሩ ላይ ይውሉ ጀመር። ልጄን ስጡኝ የሚል ወላጅ ሲመጣ ከጥበቃው አስቀድሞ የሚያገኘው እሳቸውን ሆነ። «የእኔን ልጅ ጠልቻት የተውኳት መሰለህ?» ይሉታል። ሰውየውም ወደመጣበት ይመለሳል። ዲኑም ቢሆኑ ስብሰባ አለብኝ ብለው በመኪና ሊወጡ ሲሉ መርጌታ መቋሚያቸውን አጋድመው ቆሙ።

«ጌታዬ፣ ልጄን ያስቀረ በር እርስዎን እንዴት ያሳልፋል?»

ዲኑ መኪናቸውን አዞሩ። ስብሰባው ያለ እሳቸው ተካሄደ፤ አገርም አልፈረሰም።

ከዚያ ስመኝ ታመመች። ዓይኗ ጎደጎደ፣ ድምጿ ጠፋ፤ ሲስተር ጥሩወርቅ ካጠገቧ አልተነሡም። ለአባቷ እንድነግር የተላክሁት እኔ ነኝ። መርጌታ እስክጨርስ አዳመጡኝ። በሩን ክፈቱልኝ አላሉም። «ይኼኔ ከምንጩ ዳር ብትሆን...» ብለው ተዉትና ዳዊታቸውን ገለጡ።

ስመኝ ዳነች። መንደራቸውም በሽታው ሳይደርስበት ክረምቱን አለፈ። በሩ የተከፈተ ዕለት ክስት ብላ፣ ግን በእግሯ ሄዳ፣ የአባቷን ጉልበት ሳመች። መርጌታ ቀና አደረጓትና ወደ ሲስተር ጥሩወርቅ ዞሩ።

«ልጄ ተማረች» አሉ።

የቅኔ ሰው ናቸውና ዕውቀት አገኘች ማለታቸው ይሁን ምሕረት አገኘች፣ ደፍረን አልጠየቅንም። ሲስተር ጥሩወርቅ ግን መልስ አላጡም።

«ሁላችንም ተምረናል፣ መርጌታ።»