የዴልበርት ፕሩት ባለ ሰባት ቁራጭ ክር

የሰው ልጅ በድንበር፣ በሃይማኖትና በውርስ ተጣልቶ ሲያበቃ ጊዜ ከተረፈው ወደ ዋናው ጉዳይ መምጣቱ አይቀርም። ዋናው ጉዳይ በሚዙሪ ኮረብቶች መካከል በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ በክብር ተይዟል። ከወፍራሙ መወርወሪያ ገመድ ጫፍ ተነሥቶ ሰው ሠራሹ የዓሣ ማታለያ ላይ የሚያልቀው፣ ሦስት ሜትር እንኳ የማይሞላው ቀጭን ክር ምን ዓይነት ይሁን? እንዴትስ ይታሰር? የከተማዋ አጥማጆች ማኅበር ይህን ክር “አገናኝ” ይለዋል። የሚያጠምዱት ዓሣ ባስ ነው። ባስ አፉን በሰፊው ከፍቶ እንቁራሪት፣ አይጥ፣ አንዳንዴም የዳክዬ ጫጩት የሚውጥ፣ ለምርጫ ጊዜ የሌለው ፍጡር ነው። ስለዚህ ማኅበሩ የባስን ስስ ስሜት ላለመጉዳት የአገናኝ ክር ቋሚ ኮሚቴ አቋቁሟል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረተኛው የመሬት ቀያሽ ዴልበርት ፕሩት ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመት የሰው አጥር ሲለካ የኖረ ሰው እጁ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ከሦስት ዓመት በፊት የበረዶውን ወራት ምድር ቤት ወርዶ ከረመና ቀመር ይዞ ወጣ፤ ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚወርዱ ሰባት ቁራጭ ክሮች፣ በስድስት ቋጠሮ የተያያዙ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ በመሣሪያ የተለካ።

“ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ብሎ ለሚስቱ ለኦፓል አሳያት።

“አንተ ሰውዬ፣ የጋብቻ ቀለበቴን እንኳ እንዲህ አልለካኸውም” አለችው። “እስካሁን ይጠበኛል።”

ቋጠሮ ከመጥበቁ በፊት በምራቅ መርጠብ እንዳለበት የማያውቅ አጥማጅ የለም። ኮሚቴው ግን ትንባሆ የሚያኝክ አባል ምራቅ ከማያኝከው ምራቅ እኩል ይታይ እንደሆነ ሁለት ስብሰባ ሙሉ ሲመክር ከቆየ በኋላ ጉዳዩን ለተጨማሪ ጥናት አስተላለፈው። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ የቀድሞው ርእሰ መምህር ክሌተስ ሃም፣ በመጨረሻ ታሪካዊውን ውሳኔ አነበበ። ዴልበርት በሰኔ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ አባላቱ እያዩት፣ እስከ እኩለ ቀን ከከተማዋ ሐይቅ በቀመሩ አንድ ባስ ከያዘ ቀመሩ የማኅበሩ ሕግ ይሆናል። ካልያዘ ግን ሰብሳቢነቱን ያስረክባል።

ዴልበርት በዚህ ክር ሦስት ዓመት አጥምዶ አንድም ዓሣ አልያዘም። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ቅዳሜ ዕለት ሁለቱም አንዲት ጀልባ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ኦፓል ትቀዝፋለች፤ ዴልበርት ይወረውራል። አሥራ ዘጠኝ አባላት ደግሞ የቦሎኛ ቋሊማ ሳንድዊቻቸውን እየገመጡ ከጀልባ ማቆሚያው የእንጨት መድረክ ላይ በሩቅ መነጽር ይከታተላሉ። ከአጋዘን ፀጉር የተሠራችው ከባድ ማታለያ እንቁራሪት በቀጭኑ ክር ጫፍ ወደፊት ትበራለች ተብሎ ተጠብቆ ነበር፤ እሷ ግን መንገድ ላይ ሐሳቧን ቀይራ ተመልሳ የዴልበርት ባርኔጣ ላይ አረፈች። በብዙ ድካም ውሃው ላይ ስትወድቅም ስድስቱ ቋጠሮዎች እያንዳንዳቸው የየድርሻቸውን አረንጓዴ የውሃ አረም ሰብስበው መጡ።

“ሰላጣውን ልቀበልህ?” አለች ኦፓል።

“ኧረ ዝም በይ፣ ሰው ያየናል!”

“እሱማ እያየ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው።”

ለእኩለ ቀን ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ክሩ የውሃ አበባ ግንድ ላይ ተጠመጠመና አራተኛው ቋጠሮ ላይ ተበጠሰ። አዲስ ለማሰር በቀመሩ መሠረት አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያስፈልጋል። ዴልበርት የተበጠሰውን ጫፍ ይዞ ሰዓቱን አየ። በጡረታው ዘመን በከተማዋ የቀረለትን አንድ ክብር በገዛ ዓይኑ ፊት ሊያጣው ነው።

ኦፓል ፊቱን አየችና መቅዘፊያውን አስቀመጠች። ከሽርጧ ኪስ የቲማቲም ተክሎቿን ከእንጨት ጋር የምታስርበትን ወፍራም የዓሣ ክር አወጣች። አንዱን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ይዛ ክንዷን ዘረጋች፣ ደገመች፣ በጥርሷ ቆረጠች፤ እንቁራሪቷንም ከግንዱ አላቅቃ በዚሁ ክር ከገመዱ ጋር አሰረቻት።

“ስንት ኢንች ነው?” አለ ዴልበርት።

“ከአፍንጫዬ እስከ ጣቴ፣ ሁለት ጊዜ።”

“ይሄ ሳይንስ አይደለም!”

“ዓሣውስ ኮሌጅ ገብቷል? ወርውር!”

ወረወረ። እንቁራሪቷ ቀጥ ብላ በርራ የውሃ አበባው ሥር ተቀመጠች። ውሃው ተናወጠ፤ አራት ኪሎ የሚመዝን ባስ ወጣ። መድረኩ በጭብጨባ ተንቀጠቀጠ። ጀልባዋ እስክትጠጋ ድረስ ኦፓል ክሯን ፈትታ ኪሷ ከትታዋለች።

“ክቡራን አባላት!” አለ ክሌተስ፣ የሳንድዊቹን ፍርፋሪ ከጺሙ እያራገፈ። “ዛሬ ድንቁርና ተሸነፈ! ዴልበርት፣ ንገረን እስቲ፣ ስድስቱ ቋጠሮዎች እንዴት ሆኑ?”

ዴልበርት ሚስቱን አያት። ሚስቱ ሰማዩን አየች።

“አንድም አልተፈታም” አለ ዴልበርት። እውነት ነው፤ የሌለ ቋጠሮ ከየት መጥቶ ይፈታል?

ቀመሩ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ክሌተስ በደስታ ብዛት አንቀጽ አራትን ጨመረ፤ “ከቀመሩ ውጭ በሆነ ክር የተያዘ ማንኛውም ዓሣ እንዳልተያዘ ይቆጠራል። ይህንንም የኮሚቴው ሰብሳቢ ለክቶ፣ አረጋግጦ ይፈርማል።” ዴልበርት ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ሜዳሊያ አንገቱ ላይ አጠለቁለትና ዘጋው።

ሰኔና ሐምሌ አለፉ። ሃያ ሰው በባለ ሰባት ቁራጭ ክር ሐይቁን ከአረሙ አጸዳው። ዓሣ ግን አልተገኘም። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት “የማጥመድ አፈጻጸሙ ከፍተኛ ሲሆን፣ በዓሣዎቹ በኩል የተነሣሽነት ጉድለት ታይቷል” ሲል ደመደመ።

ነሐሴ ላይ አንድ ማለዳ ኦፓል ብቻዋን ቀዝፋ ሄደች። ለዓመታዊው ድግስ የኮክ ኬክ ስለምትጋግር የማኅበሩ አባል አድርገዋት ነበር። ስትመለስ የዴልበርትን የሚያስንቅ ባስ መድረኩ ላይ ዘረገፈች። አባላቱ ከበቧት።

“በምን ክር ነው?” አለ ክሌተስ።

“በዚህ” አለች ኦፓል፣ ያንኑ የቲማቲም ክር እያሳየች።

ሁሉም ወደ ዴልበርት ዞሩ። ዴልበርት መለኪያውን አወጣ። ክሩን ከዳር እስከ ዳር ለካ። ቋጠሮ ፈለገ፤ አላገኘም። ኦፓል እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችው። አሁን ቢናገር እንደሚቀለው ያውቅ ነበር፤ ሜዳሊያው ግን ደረቱ ላይ ከበደው።

“በአንቀጽ አራት መሠረት” አለ ድምፁ እየሰለለ፣ “ይህ ዓሣ አልተያዘም።” ፈረመም።

ኦፓል ያልተያዘውን ዓሣ በጅራቱ አንጠልጥላ ወደ ቤቷ ሄደች። ለእራት በበቆሎ ዱቄት ለውሳ ጠበሰችው። ዴልበርት ሁለት ጊዜ አስጨመረ።