ወይዘሮ ገልብጤ እና የአጎትየው ኮት

"ኮቴን ገልብጣ አየችው እኮ። እኔ ውስጡ ቆሜ።"

ይህን ያለው የኢንሹራንሱ ሂሳብ ሹም ነው። ላውንደሪው ባንኮኒ ፊት ቆሟል፤ አንድ እጁ እጅጌው ውስጥ፣ አንዱ ውጪ። ባለ ላውንደሪው ደረሰኙ ላይ አጎንብሶ ያልሰማ መሰለ። ሚስቱ ከኋላ ካውያዋን አቁማ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

"ሱሪዬን ልወስድ መጣሁ እንጂ ልፈተሽ አልመጣሁም" ቀጠለ ሰውየው። "ደግሞ አይታ ስታበቃ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? 'ያሳዝናል' ብላኝ ሄዳ ተቀመጠች።"

"ያሳዝናላ" አለች ጥግ ያለው ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሴት፣ ረጋ ብላ። "ገበሩ በሙጫ ነው የተያዘው። ጌታዬ፣ ይሄ ኮት አልተሰፋም፤ ታሽጓል።"

ሂሳብ ሹሙ ሱሪውን ነጥቆ፣ ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ ዝር እንደማይል ተናግሮ ወጣ። በዚያ ሳምንት እንዲህ ብሎ የወጣ ደንበኛ እሱ የመጀመሪያው አልነበረም።

እንዲህ ዓይነት ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ሰላም ስትሉት ፊታችሁን ትቶ ኮሌታችሁን የሚያይ፣ ሐዘን ላይ አጠገባችሁ ተቀምጦ "ያጽናችሁ" እያለ የልብሳችሁን ጠርዝ በሁለት ጣቱ የሚፈትግ። ለዚህ ሰው የሰው ልጅ ማለት ልብስ እንዳይሸበሸብ ውስጡ የተደረገ ነገር ነው። የዚህ ሰፈሯ፣ ያቺ ጥጉ ላይ የተቀመጠችው፣ ክብርት ወይዘሮ ገልብጤ ትባላለች። ስሙን ያወጣላት ባለ ላውንደሪው ነው። እሷም ሰምታዋለች፣ ቅር አላላትም። ማንም ሰው አዲስ ልብስ ለብሶ "እንዴት ነው?" ቢላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው። "እስቲ ውስጡን።"

ሥራዋ ጥርስ ክሊኒክ ነው፣ ካርድ ክፍል። ጉንጩ አብጦ የመጣ ሰው ስሙን ሳይጠየቅ ስለ ሸሚዙ ይጠየቃል። ሲወጣ ደግሞ አፉ በጥጥ ስለተጠቀጠቀ የምትለውን ሁሉ ቆሞ ከመስማት በቀር ምርጫ የለውም። ከሥራ ስትወጣ ግን የምትኖረው ሌላ ዘመን ውስጥ ነው። የትኛው ዘመን ላላት ሰው "ባቡር መጥቶ መብራት ሳይመጣ" ትለዋለች። ከዚያ ወዲያም ወዲህም አይመለከታትም። የዚያን ጊዜ ቀሚስ፣ ካፖርት፣ ጓንት፣ የውስጥ ልብስ ሳይቀር፣ የቆየ ፎቶ እያየች በእጇ ትሰፋለች። ለምን እንደምትሰፋ መጠየቅ ደግ አይደለም። አንድ ቀን የእህቷ ባል ተሳስቶ ጠየቃትና መልሷ ሳያልቅ እራቱ ፊቱ ቀዘቀዘ።

ጭንቋ ጨርቅ አልነበረም። ጨርቅ ከመጋረጃ ሻጭም ይገኛል፣ አልጋ ልብስም ይቀደዳል። የወገብ ማጥበቂያ ውስጥ የሚገባው አጥንት እንኳ መላ አላጣም። ድሮ ከዓሣ ነባሪ ነበር አሉ፤ ዓሣ ነባሪ በቅርብ ስለማይገኝ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ሽቦ የሚታሰርበትን ፕላስቲክ ትገዛለች። ባለ መደብሩ አንድ ቀን "እህቴ፣ ስንት ፎቅ ነው የምትዘረጊው?" ቢላት "የአንዲት ሴት ወገብ ነው" አለችው። ከዚያ ወዲህ ዝም ብሎ ነው የሚሸጥላት።

ጭንቋ ሰው ነበር። አንድ የገባው ሰው።

ፈልጋለች፤ አልፈለገችም አይባልም። ስልኳ ላይ "የድሮ ልብስ ወዳጆች" የሚል ግሩፕ አገኘችና በደስታ ገባች፤ ሦስት ወር የፈጀችበትን እጅጌ ፎቶ አንስታ ለጠፈች። ወዲያው መልስ ጎረፈላት። "ስንት ቦንዳ አለሽ?" "ሳልባጁ አንደኛ ደረጃ ነው?" "ዋጋ በውስጥ መስመር።" እሷ እጅጌው ክርኑ ላይ ለምን እንደሚጎብጥ ረጅም ማብራሪያ ጻፈች። አስወጧት።

ቲያትር ቤትም ሄዳ ነበር። የልብስ ክፍሉ ኃላፊ በክብር ተቀብሎ የንግሥቲቱን ቀሚስ አሳያት። ቁልፎቹ በቀለም የተሳሉ ናቸው። ይህንን ቻለችው። ጉዱ የፈላው ትርኢቱ ቀን ነው። ንግሥቲቱ መርዙን ጠጥታ፣ አዳራሹ ትንፋሹን ውጦ፣ ወደ ባሏ ሬሳ ዞር ስትል ጀርባዋ ታየ። ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ድምፅ ብቻ ተሰማ። "ዚፕ።" የሞተው ባል ሳይቀር ሳቀ ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትኬት አይሸጥላትም።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ደርሶ ሳለ ነው፣ አንድ ቀን የአልጋ ልብስ ልታሳጥብ መጥታ፣ ታጥቦ ከተሰቀለው ልብስ መሀል አንድ ኮት ያየችው።

ጥቁር ሱፍ ነው፣ ጉልበት የሚደርስ። ለባለ ላውንደሪው ኮት ነው፤ ለእሷ ግን ሌላ ነገር ነበር። ባንኮኒውን ዞራ ገባች። ማንም ደንበኛ ባንኮኒ ዞሮ ገብቶ አያውቅም። እጅጌውን ገለበጠች፣ ኮሌታውን ገለበጠች፣ የቁልፉን ቀዳዳ አንድ በአንድ በጥፍሯ ዳሰሰች። ከዚያ የልብስ ቅርጫት ላይ ቁጭ አለች።

"በእጅ ነው" አለች። "ሁሉም በእጅ ነው። ኮሌታው ውስጥ ያለውን ማንም የማያየውን ስፌት እንኳ አልዘለለውም። የማነው?"

"የደንበኛ" አለ ባለ ላውንደሪው።

"የትኛው ደንበኛ?"

"የኔ ደንበኛ።"

ባለ ላውንደሪው በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። ላውንደሪ እንደ ሐኪም ነው ባይ ነው። የማን ሸሚዝ ላይ የማን ሊፕስቲክ እንዳለ ያውቃል፤ የትኛው ሹም ኪሱ ውስጥ የጨጓራ ክኒን ይዞ እንደሚዞር ያውቃል፤ አይናገርም። ለሚስቱም አይናገርም፣ እሷ ቀድማ ስለምታየው።

ደግሞ የኮቱ ነገር ለራሱም አልገባውም ነበር። ያመጣው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ግዙፍ ሰውዬ። "የአጎቴ ነው" አለና ኮቱን እንደ ታመመ ሕፃን አስረከበው። "ኮሌታውን ካውያ እንዳይነካው። በእንፋሎት ብቻ። ጨርቅ ጣል አድርገህ፣ ሳትጫነው።"

"አጎትህ ጥንቁቅ ናቸው።"

"ናቸው" አለ ሹፌሩ። ላብ በላብ ሆኖ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

ወይዘሮ ገልብጤ ግን አልቀረችም። በምሳ ሰዓቷ መጣች። ከሥራ ስትወጣ መጣች። ባለቤቱ ሊወስደው መምጣቱ አይቀርም ብላ ጥጉ ላይ ያለውን ወንበር ያዘች። እየጠበቀች ዝም ብትል ጥሩ ነበር፤ አላለችም። ብድግ ትላለች፣ በሩ ላይ ትቆማለች፣ ትመለሳለች፣ የገባውን ሰው ሁሉ "ኮት ሊወስዱ ነው?" ትላለች፣ አይደለም ሲላት የለበሰውን ትገለብጣለች። አንዷ መምህርት ሹራቧን ይዛ ሸሸች። አንድ ሙሽራ ሱፉን ከሠርጉ በፊት አይታ "ይሄ እስከ ማታ ከቆየ ነው" አለችው።

"ወይዘሮ" አለ ባለ ላውንደሪው አንድ ቀን ምርር ብሎት፣ "ደረሰኙ ላይ የተጻፈው የሦስት ወር ጊዜ እያለቀ ነው። ካለቀ ልሸጠው እችላለሁ። ላንቺ ልሽጥልሽና በሰላም እንለያይ።"

"ኮቱን ምን አደርገዋለሁ? እኔ የምፈልገው ሰውየውን ነው።"

ሚስትየው ካውያዋን አስቀመጠች። "እንዲህ በይና። ሰውየውን ከሆነ ሌላ ነገር ነው።"

"እንደሱ አይደለም" አለች ወይዘሮ ገልብጤ። አልሳቀችም። "ስሚኝ እህቴ። ስንት ዘመን ሰፋሁ። ያየው ሁሉ 'ያምራል' ይለኛል። ልክ ስሰፋ ያምራል፣ ስሳሳትም ያምራል። ብቻዬን ማውራት ሰለቸኝ። ይሄ ሰው ካልመጣ መቀሴንም ጨርቄንም ለእህቴ ልጅ እሰጣታለሁ፤ አሻንጉሊት ታልብስበት። ተገላገልኩ እላለሁ።"

ይህን ስትል እንደልማዷ አልተነሳችም፣ በሩ ጋም አልሄደችም። ዝም ብላ ተቀመጠች። ባለ ላውንደሪውን ያስጨነቀው ይሄኛው መቀመጥ ነው።

ከሄደች በኋላ ሚስትየው "አንድ ነገር አላየህም?" አለችው።

"ምን?"

"ያ ባስ። እኛ በር ላይ ሲደርስ ያዘግማል። ሹፌሩ አንገቱን ያሰግጋል። እሷን ሲያይ ነዳጁን ረግጦ ይፈተለካል።"

ባለ ላውንደሪው በማግስቱ ቆሞ አየ። እውነት ነው። ሹፌሩ ሊወስድ ሲመጣ ኖሯል በየቀኑ፤ አንዲት ሴት ኮቱ ፊት ቆማ ሰው ስታፋጥጥ እያየ ያልፋል። አጎት የተባለው እሱ ራሱ እንደሆነ ባለ ላውንደሪው ያኔ ገባው፤ ያን የሚያህል ሰውዬ መርፌ ይዞ እንደሚውል ሊታወቅበት ነው ብሎ ፈርቷል። እሷ ስለምትጠብቀው አይመጣም፤ እሱ ስለማይመጣ ትጠብቀዋለች። በዚህ መሀል ላውንደሪው ባዶ ሊቀር ነው።

እንግዲህ ባለ ላውንደሪው ሙያውን ያስነቀፈባት ቀን ይህች ናት። እሷ በምሳ ሰዓቷ እንደተቀመጠች ጠብቆ፣ ጓዳ ገብቶ፣ ደረሰኙ ላይ ወዳለው ስልክ ደወለ።

"የአጎትህ ኮት ነገር ነበር። ኮሌታውን ብል በልቶታል።"

ከወዲያ ማዶ የመኪና ጡሩምባ ብቻ ይሰማል።

"ስንቱን ያህል?" አለ ሹፌሩ በመጨረሻ። "የቀኙን ነው የግራውን? ውስጠኛውን ስፌት ነክቶታል?"

"አጎትህ መጥተው ይዩታ።"

"ምን አጎት አለ" አለ ሹፌሩ። "መጣሁ።"

መጣ። ብቻውን ግን አልመጣም፤ ከነአውቶቡሱ፣ ከነተሳፋሪው ነው የመጣው። በሩ ላይ ገትሮት፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ማንንም ሳያይ ኮቱን ከመስቀያው አወረደና ኮሌታውን ገለበጠ። ወዲያ አለው፣ ወዲህ አለው።

"ብሉ የታለ?"

"ሄዷል" አለ ባለ ላውንደሪው።

ወይዘሮ ገልብጤ ከወንበሯ ተነስታለች። "የሰፉት እርስዎ ነዎት?"

"አጎቴ..."

"አጎት አያምጡብኝ። ኮሌታ እንዲህ አድርጎ የሚገለብጥ የሰፋው ሰው ብቻ ነው።"

ሹፌሩ በሩን አየ። በሩ ላይ አውቶቡሱ አለ፣ አውቶቡሱ መስኮት ላይ ፊት በፊት ነው። መሸሻ የለም። "እኔ ነኝ" አለ፣ እንደተያዘ ሌባ።

ሚስትየው መሀረቧን ፈለገች። ሴትየዋ ያን ሁሉ ጊዜ ጠብቃ፣ አሁን ምን ልትለው ነው?

"የወገቡ ስፌት ወርዷል" አለችው።

"ምን?"

"ወርዷል። ባቡር መጥቶ መብራት ሳይመጣ ወገብ እዚህ ነበር" ብላ የገዛ ወገቧን ያዘች።

ሹፌሩ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ላቡ ደረቀ። "እዚያ የነበረው ባቡሩ የመጣ ሰሞን ነው። በኋላ ወርዷል።"

"ማን ነገረዎት?"

"ፎቶ አለኝ።"

"የመቼ ፎቶ?"

"ጀርባው ላይ ዓመቱ አለ።"

"ዓመት ማንም ይጽፋል። ፎቶው ላይ ያሉት ባርኔጣቸውስ? ሰፊ ነው ጠባብ?"

"ጠባብ።"

"ውሸትህን ነው።"

"አንቺ ፎቶውን ሳታዪው?"

አንቱታው የት እንደወደቀ ማንም ልብ አላለም። ካፖርት ላይ የውስጥ ኪስ ነበር አልነበረም ተባባሉ፤ ገበሩ ላይ መስመር ያስፈልጋል አያስፈልግም ተባባሉ። አንዲት አሮጊት ከአውቶቡሱ ወርደው አንገታቸውን በበሩ አስገቡ። "አንተ ሹፌር፣ እኛን ልታሳጥበን ነው ያመጣኸን?"

"አንድ ጊዜ እማማ" አለ ሹፌሩ፤ ዓይኑ ግን ሌላ ቦታ አርፏል። ወይዘሮ ገልብጤ በእጇ ስትከራከር የጃኬቷ እጅጌ ተጠቅልሎ ነበር፤ ራሷ የሰፋችው ነው። በእነዚያ ወፋፍራም ጣቶቹ ጠርዙን ያዘና ገለበጠው።

"ይሄ ክር ፖሊስተር ነው" አለ።

የካውያው እንፋሎት እንኳ የቆመ መሰለ። እሷ እጅጌዋን አየች። አልነጠቀችውም።

"የጥጡ አለቀብኝ" አለች በትንሽ ድምፅ። "አንድ ስንዝር ናት። ማንም አያያትም ብዬ።"

"እኔ አየኋታ።"

"አየሃት" አለች። ባለ ላውንደሪው ልትቆጣ ነው ብሎ ጠበቀ፤ ፊቷ ላይ ያለው ግን ቁጣ አልነበረም። ጥርሱን ሲያመው ኖሮ፣ ነቅለውለት፣ ገና ወደ ራሱ እንዳልተመለሰ ሰው ነው የሆነችው።

"ጫማ ሰፊዎቹ ጋ ጠንካራ የጥጥ ክር አለ" አለ ሹፌሩ። "ሰም ታስነኪዋለሽ። የመጨረሻው ፌርማታ አጠገብ። ደግሞ እዚያ አንድ ሽማግሌ ቁልፍ ከቀንድ ይሠራሉ። እኔ ያወቅኳቸው በአጋጣሚ ነው። እሳቸውም ካፖርት ላይ የውስጥ ኪስ ነበር ነው የሚሉት።"

"ተሳስተዋል።"

"ሄደሽ ንገሪያቸዋ።"

"እነግራቸዋለሁ። አሁን ነው የምነግራቸው።"

ኮቱን ክንዱ ላይ አድርጎ ወጣ፤ እሷም ቦርሳዋን አንስታ እየተከራከረች ተከተለችው። የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ከሰዓት በኋላ ማን እንደሚከፍተው አልተነሳም። አሮጊቷ "ተመስገን" ብለው ቀድመዋት ተሳፈሩ። ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ወጣ። ከራሱ በላይ "ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው" የሚል ተለጥፏል፤ ወይዘሮ ገልብጤ ከሥሩ ቆማ ስለ ገበር ማውራቷን ቀጠለች። አውቶቡሱ ተነቃነቀ።

ባለ ላውንደሪው በሩ ላይ ቆሞ እስኪታጠፍ አየው። ከዚያ ተመልሶ ጥጉ ላይ ያለውን ወንበር አየ፤ ሊያነሳው አሰበና ተወው።

"አንተ" አለችው ሚስቱ፣ ደረሰኙን አንስታ፣ "ሂሳቡን ሳይከፍል ሄደ እኮ። ሩጥና ድረስበት፤ የትራፊክ መብራቱ ይይዘዋል።"

"ተይው" አለ ባለ ላውንደሪው።

"ምኑን ነው የምተወው? የሦስት ወር ማስቀመጫ አለበት።"

"ተይው አልኩሽ። ከከፈለ እነዚህ ሰዎች ምን ሊሠሩ ተመልሰው ይመጣሉ?"