የጋሽ ታደሰ ምርጥ ዶሮዎች

እንከን ሲለቅም የሚውል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ ውጭ አገር፣ ኦሮራ ከተማ ያሉት ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ እንዲያ ናቸው። ቸኮሌት የመሰለ እንቁላል የሚጥሉ፣ ማራንስ የሚባሉ ዶሮዎች ያረባሉ። እንቁላሏ የነጣ ወይም እግሯ ላባ የሌለው ዶሮ ቀጥታ ወደ ድስት ነው። ፍርድ ቤት እንኳ ይግባኝ አለው!

ልጃቸው ሳራ በየእሑዱ ከምትኖርበት ከሌክውድ ትመጣ የነበረው እሳቸውን ናፍቃ ይመስላችኋል? እግሯ መላጣ ሆኖ ገና ያልታረደች አንዲት ዶሮ ልታቅፍ ነበር።

«እሷን እንኳ ይማሯት» አልኳቸው።

«ስታንዳርዱን አታሟላም» አሉኝ።

ለፋሲካ አረዷት። ሳራ ወጡ ከየትኛዋ ዶሮ እንደተሠራ ስትሰማ ሳትቀምስ ወጣች።

ባለፈው ሳምንት እግሯ መላጣ የሆነ ጫጩት ተፈለፈለች። ጋሽ ታደሰ ፎቶ አንስተው ለሳራ ቴክስት አደረጉላት።

«ደርሷት ይሆን?» ይሉኛል ባገኙኝ ቁጥር።

ስልካቸው ላይ ከፎቶው ሥር «ታይቷል» ይላል።