በእግርሽ ቅረቢ

ያን ቀን ሰማዩ ደመና ብቻ ነበር፤ ዝናብ የለ፣ ፀሐይ የለ። የሰው ልብስ አጥቤና ተኩሼ የማድር ሰው ነኝና እኔን ያሳሰበኝ የተሰጣው ልብስ አለመድረቁ ነው። ጋሽ ጥራት ግን ግቢው መሃል ቆመው፣ «ይህን የመሰለ ጥላ የማይጥል የፎቶ ብርሃን እያለ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ማነው?» እያሉ ይጮኻሉ።

ሰው ባለበት ሁሉ አንድ ጋሽ ጥራት አይጠፋም። ፎቶ ልታነሱ ስልክ ስትደግኑ ከኋላችሁ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ካለ፣ እሱ ነው። የኛው ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። የራሳቸው ስልክ ስንጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በሰው ስልክ ላይ ግን ሊቀ ሊቃውንት ናቸው።

«መጀመሪያ ካሜራውን ጥረጊው! ሽንኩርት በከተፍሽበት ጣት ነክተሽው ጉም ነው የሚያሳይሽ።» ቀጥሎ፣ «ምስሉን በጣትሽ አትለጥጪው፣ በእግርሽ ቅረቢ!» ከዚያ፣ «ትንፋሽ ያዢ!» አንድ ሠርግ ላይ ትንፋሽ የሚይዘው አንሺው ብቻ ነው ቢባሉ፣ «ሁሉም ይያዝ፣ አይጎዳም» ብለው የሙሽራዋን አባት ለጥቂት ሳይጥሏቸው ቀሩ። ቁምሳጥኗን ለመሸጥ ፎቶ ስታነሳ ያገኟትን ጎረቤታችንንማ፣ «ፊቱን ወደ ብርሃን!» ብለው ሲያዞሩላት በሩ ላይ ሰነቀሩት። ሁለት ቀን በመስኮት ስትገባና ስትወጣ ከረመች።

እኔ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ነኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ አስተማሪ አላማረኝም። እሳቸው ሲመጡ ስልኬን ጉያዬ ውስጥ እከት ነበር።

እናቴ ግን ስኳር አለባት። እግሯ ጣት ላይ ቁስል ወጣ። የሰፈራችን ክሊኒክ ነርስ፣ «በየሳምንቱ ፎቶ ላኪልኝ፤ ከከፋ ጣቱ መቆረጡ ነው» አለችኝ። ለእናቴ አልነገርኳትም። የላክሁትን ፎቶ ነርሷ ሁለት ጊዜ መለሰችው። «ብዥ ብሏል፤ ምኑንም አላየሁት።» እጄ እየተንቀጠቀጠ ምን ይታያት?

በዚያ ደመናማ ቀን ጋሽ ጥራትን ራሴ ጠራኋቸው።

እናቴን ደጃፉ ላይ ወንበር ላይ አስቀመጧት። ስልኬን በሸሚዛቸው ጫፍ ወልውለው እግሯ ሥር ተንበረከኩ።

«በሉ እማማ፣ ይነሱ!»

እናቴ ዱላዋን ተደግፋ ብድግ አለች።

«ኧረ ፎቶ ይነሱ ማለቴ ነው! ቁጭ ይበሉ!»

ቁጭ አለች።

«አሁን አይነቃነቁ... ይነሱ!»

ብድግ።

«አንተ ልጅ» አለች እናቴ፣ «እግሬን ልታይ ነው የመጣኸው ወይስ ልታሰልፈኝ?»

የሰባ ዓመቱ ልጅ መሬት ላይ ዘርፈጥ ብለው ሳቁ። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ። ስልኩን መልሰው እጄ ላይ አኖሩት። «አንቺው አንሺ። እኔ በሌለሁበት ማን ሊያነሳልሽ ነው?»

ክርኔን ከጎኔ አጣበቅሁ። ቀረብኩ። እጄ ጸጥ አለ።

ነርሷ ወዲያው መለሰች፤ ፊደል በፊደል አነበብኩት። «አሁን ታየኝ። ጥሩ ቀይ ሥጋ እያበቀለ ነው። ጣቷ ይተርፋል።»

ጋሽ ጥራት ፎቶውን አገላብጠው አዩትና፣ «ትንሽ ወደ ቢጫ አድልቷል» አሉ። ስልኩን ግን ቶሎ አልመለሱልኝም።

አሁን ነርሷ ለምናቸው በሳምንት ሁለት ቀን ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ናቸው፤ የቁስላቸውን ፎቶ ራሳቸው ማንሳት ለማይችሉ ሰዎች ያነሱላቸዋል፣ ነርሷም ከባለፈው ሳምንት ፎቶ ጋር ታስተያየዋለች። እነዚያን ሁለት ቀናት ግቢው ጭር ይልብኛል። የሚለብሱትን ነጭ ጋዋን የምተኩስላቸው እኔ ነኝ።