የደርዊሽ ቻይንኛ

ፊልም በሚታይበት ሰፈር ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቀው የሚያስረዳ አንድ ሰው አይጠፋም። አቃቂ በሰቃ ላይ ይህን ሹመት የያዘው የፋጡ ባል፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ ደርዊሽ ነው። አሰብ ወደብ ላይ ከቻይና መርከበኞች ጋር ሻይ ስለጠጣ ቻይንኛ ይችላል። ይችላል ያለው ራሱ ነው።

እሁድ ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ የሆንግ ኮንግ ካራቴ በቪዲዮ ሲታይ፣ ክቡርነታቸው ደርዊሽ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመው "ቆይ ላስረዳችሁ" ይላሉ። ፊልሙም ማብራሪያ የሚፈልግ ነው። የቡጢው ድምፅ ከቡጢው ቀድሞ ይሰማል። "ፍጥነት ነው" ይላሉ። የሽማግሌው ጢም በጠብ መሀል ተላቆ ይወድቃል። "ሀዘን ላይ ናቸው፤ እነሱ ዘንድ የሚላጨው እንዲህ ነው።" ፋጡ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና በሻሿ ፊቷን ትሸፍናለች። ቤት ሲገቡ "ምነው አንተ ሰውዬ፣ የማታውቀውን ዝም ብትል?" ትለዋለች። ዝም ማለት እሱ ዘንድ የለም።

አንድ እሁድ የቀበሌው የቅስቀሳ ኃላፊ ጓድ ቀናው መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፊልሙ አድኃሪ ከሆነ ቪዲዮው ይዘጋል፤ አስተርጓሚውም ቀበሌ ቀርቦ ያስረዳል። የፋጡ ጎረቤት ባል እንደዚሁ ሊያስረዳ ሄዶ እስካሁን አልተመለሰም።

ደርዊሽ እያላበው ጀመረ። ባለ ጢሙ ባላባት ሆነ፤ በባዶ እግሩ የሚራገጠው ጭቁን ገበሬ ሆነ። ባላባቱ ተመቶ ገደል ሲገባ ጓድ ቀናውም አጨበጨቡ። ትንሽ ቆይቶ ያው ሰውዬ ኮፍያ ብቻ ደፍቶ፣ ሩዝ እየበላ ብቅ አለ። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች የተዋናይ እጥረት ነበረባቸው።

"ይሄ ቅድም ሞቶ የለም እንዴ?" አሉ ጓድ ቀናው። "ባላባት ተመልሶ ይመጣል ነው የምትለን?"

ደርዊሽ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ፋጡ ባሏ ቃል ሲያጣ አይታ አታውቅም። ሳታስበው ብድግ አለች።

"ወንድሙ ነው፣ ጓድ። መሬቱን ለገበሬ ማኅበሩ አስረክቧል። ሩዙም የማኅበሩ ነው" አለችና ስለ ውሸቷ በሆዷ አስተግፊሩላህ አለች።

"አንቺም ቻይንኛ ትችያለሽ?"

"ከባሌ ነው የተማርኩት።"

ጓድ ቀናው ጥቂት አሰቡና "ይቀጥል" አሉ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ደርዊሽ ወደ ፋጡ ዞር አለ። ሊያመሰግነኝ ነው ብላ ጠበቀች።

"ወንድሙ እንኳ አይደለም" አላት። "የአጎቱ ልጅ ነው። አነጋገሩን ልብ አላልሽውም።"

እንኳንም አፉ ተመለሰለት፣ አለች ፋጡ በሆዷ።

"እኔ እኮ ገና ጀማሪ ነኝ" አለችውና ክንዱን ያዘችው።