ለሽማግሌዎች ሽንት የወጣ ስድስት መቶ ብር

ስድስት መቶ ብር። በደርግ ዘመን ኮልፌ ላይ አንድ ሰው በአንድ ቀን ስድስት መቶ ብር ካወጣ ወይ ልጁን ድሯል፣ ወይ እናቱን ቀብሯል፣ ወይ አብዷል። እኔ ለሽማግሌዎች ሽንት አወጣሁት።

ለመፍረድ አትቸኩሉ። እኔ ቆጥሬ ያደግሁ ሰው ነኝ። አጣና ተሸክሜ ከመሸጥ ተነስቼ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ የራሴን አጣና መሸጫ የከፈትኩት በመቁጠር ነው። ሰው ሌባ ያከሰረው ይመስለዋል፤ የሚያከስረው አለመቁጠር ነው። ለቅሶ ቤት እንኳ ገብቼ የድንኳኑን ምሰሶ ሳልቆጥር አልቀመጥም።

ገንዘቡን ያስወጣኝ ደረጀ ነው፤ የጎረቤቴ የወይዘሮ አስካለ ልጅ፣ አዲስ ሐኪም። ከወንድ ልጅ ፊኛ ሥር ፕሮስቴት የምትባል ዕጢ አለች። የእሷን ካንሰር ገና ሲጀምር ስለመያዝ ላጥና ብሎ አለቆቹን ገንዘብ ቢጠይቅ፣ «ይሄ ለሰፊው ሕዝብ ምን ይፈይዳል?» አሉት። ሰፊው ሕዝብ የማይሸና ይመስል!

እኔም መጀመሪያ አሾፍኩበት።

«ጋሼ፣» አለኝ፣ «ምስጥ የገባበትን አጣና መቼ ነው የሚያውቁት?»

«ቤቱ ሲዘም።»

«ቀድመው ቢያውቁትስ?»

ታላቅ ወንድሜ ሽንቱ ተዘግቶ፣ «ብርድ ነው» እየተባለ ነው የሞተው። የገንዘብ ሣጥኔን ከፈትኩ።

ደረጀ አርባ የሰፈር ሽማግሌዎችን ሊጠይቅ፣ ሌሊት ደጋግመው የሚነሱትን ሊመረምር ወረቀት ይዞ ዞረ። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ከዚያም «ሌሊት ስንት ጊዜ ለሽንት ይወጣሉ?» በሳምንቱ ተመለሰ። አርባ ሽማግሌ፣ አርባ ዜሮ።

«ልጄ፣» ብሎታል የአጥር ጎረቤቴ ዘውዴ፣ «እኔ ሰዓት እላፊ ከገባ በኋላ ደጅ ረግጬ አላውቅም። ቀበሌ ይጠየቅ!»

ሽንት ቤቱ ያለው ግቢው ጥግ ነው። ስሙና የቤት ቁጥሩ በሰፈረበት ወረቀት ላይ «ሌሊት እወጣለሁ» ብሎ የሚያስጽፍ ሽማግሌ፣ ዕጢው ሳይሆን ጭንቅላቱ ነው መመርመር ያለበት። የገንዘቡ ባለቤት እኔ ራሴ ዜሮ አስጽፌያለሁ።

«የኮልፌ ሽማግሌ በሙሉ ጤነኛ ነው ብዬ ልጻፍ?» አለ ደረጀ ሊያለቅስ ምንም ሳይቀረው። አለቆቹ የሰጡት ጊዜ ሊያልቅ ነው፤ ባዶ እጁን ከሄደ ጥናቱ ይዘጋል፤ የእኔም ብር አፈር ይበላል።

ያን ጊዜ መካሪ ሆንኩ። «ወረቀቱን ኪስህ ክተት። ሰውየውን ስለ ራሱ አትጠይቀው፤ ስለ ጎረቤቱ ጠይቀው።»

በዚያን ዘመን ሰው ስለ ራሱ ዲዳ፣ ስለ ጎረቤቱ ግን ርቱዕ ነበር። በየሳምንቱ ቀበሌ ስብሰባ ላይ የተማርነው ይህንኑ አይደል? መልሱ ጎረፈ። እገሌ አራት ጊዜ፣ እገሌ አምስት፣ ከነሳሉ፣ ከነጫማው ድምፅ! ደረጀ ደስ ብሎት መጣ፤ እኔን ሲያይ ግን ፊቱን አጠቆረ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ስድስት ነዎት።»

«ማን አባቱ ነው ያለው?»

«ጋሽ ዘውዴ።»

ደሜ ፈላ። ስንት ዓመት የሰው ምሰሶ ስቆጥር የራሴን መንገድ ቆጥሬው አላውቅም ነበር። አጥሩ ጋ ሄጄ ጮኽኩ፤ «አንተ ዘውዴ! ስድስቴን የቆጠርከው ተኝተህ ነው?»

ወደ አጥሩ ተጠጋ። «አምስቱን እኔም ለሽንት ወጥቼ ነው፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስድስተኛውን በርህ ሲጢጥ ሲል አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው የሰማሁት።»

በማግስቱ ሁለታችንም በአንድ ውይይት ታክሲ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ጣቱን የት እንዳስገባ አልነግራችሁም። በገዛ ገንዘቤ መሆኑ ግን እስካሁን ይከነክነኛል። የዘውዴ የዕድሜ እብጠት ብቻ ሆነ። የእኔ ካንሰር ነበር፤ ምስጡ ግን ገና ቅርፊቱን አላለፈም። ቆርጠው አወጡት። ደረጀም ጥናቱን በጊዜው አቀረበ፤ በውስጡ እኔ «ታካሚ ቁጥር አንድ» ነኝ። ስቆጥር ኖሬ ቁጥር ሆንኩ።

እንግዲህ ሂሳቡን እንዝጋ። ወጪ፦ ስድስት መቶ ብር፣ አንድ ዕጢ፣ ትንሽ ክብር። ገቢ፦ ሳልኖራቸው ሊቀሩ የነበሩ ዓመታት፣ ከነእንቅልፋቸው። አንድ ያልተዘጋ ወጪ ግን አለ። ዘውዴ በየበዓሉ ይመጣና «ያዳነህ ጆሮዬ ነው» እያለ ቢራዬን ይጠጣል። ጠርሙሱን ቆጥሬዋለሁ፤ ከስድስት መቶ ብር ካለፈ ቆይቷል።

የእኔን ስድስት የቆጠረ ራሱም አምስት ጊዜ ወጥቷል ብዬ የፈረድኩት እኔው ነኝ። ጠርሙሱን የቆጠረስ? እሱም አብሮ ጠጥቷል።