ዜና ሔርሜላ፦ የአባታቸውን ስም በሥዕል ስለ መጻፋቸው

ፍጥረትን ሁሉ በየስሙ በሚጠራ አምላክ ስም። ሔርሜላ የሥዕል ስም ሊቅ ሊሆኑ ዩኒቨርሲቲ በገቡ በአምስተኛው ዓመት፣ በሼፈርድስ ቡሽ የሚኖሩበት ሕንጻ ሊፍት በተበላሸ በሁለተኛው ወር፣ ይህ ገድል ተፈጸመ።

እኒህ ሔርሜላ ለንደን ተወልደው ለንደን ያደጉ፣ ከሜክሲኮ የናዋ ጸሐፍት ጥበብ በቀር ሌላ የማያስጨንቃቸው፣ ሥራ መቼ እንደሚይዙ ዘመድ ሁሉ የሚጠይቃቸው ነበሩ። እነዚያ ጸሐፍት እስፓኞች አገራቸውን ከያዙ በኋላ እንኳ የሰውን ስም በሥዕል ይጽፉ ነበርና፣ ቁልቁል የሚበር ንስር ቢሥሉ «ወራጅ ንስር» የሚባለው ሰው ነው ተብሎ ይነበባል።

አባታቸው አቶ ፍረዘጊ ግን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ በጥበቃ ሥራ ሲኖሩ ጡረታ እስኪወጡ «ፍሬድ» ተባሉ፤ ጎረቤቱም «ፍሬድ» አላቸው፤ በኋላም የሕንጻው አስተዳደር «ፍሬድ» የሚል ሰሌዳ በራቸው ላይ ለጠፈ። አቶ ፍረዘጊም ሰሌዳውን አይተው ገቡ፤ እራታቸውንም ሳይጨርሱ ተነሡ። ይህን ባዩ ጊዜ ሔርሜላ አዋጅ አስነገሩ፦ «አባዬ፣ ዶንት ዎሪ! ስምህን እኔ እጽፈዋለሁ፤ ማንም ሚስ አያደርገውም!»

ወእምዝ ባለቀለም እርሳሶቻቸውን አስከትለው፣ መቀሱን በቀኝ ማጣበቂያውን በግራ አሰልፈው ዘመቱ። ፍረዘጊ ማለት የእግዚአብሔር ፍሬ ማለት ነውና፣ ከሰማይ የተዘረጋ እጅ፣ በእጁም ላይ ቀይ ፍሬ ሣሉ፤ በሰሌዳው ላይ ለጥፈውም ራቅ ብለው አዩትና፣ ይህን የማያነብ ፍጡር የለም ብለው ተመኩ።

ፍጡርም አነበበ። ቅዳሜ ጧት በሩ ተንኳኳ፤ አባትና ልጅ ቢከፍቱ ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ፊርደውስ፣ ከኋላዋ ጃማይካዊቷ ጎረቤት፣ ከእርሷም ኋላ የሕፃን ጋሪ የሚገፉ እናቶችና ዘንቢል ያንጠለጠሉ ሽማግሌዎች እስከ ደረጃው ተሰልፈዋል። ፊርደውስም የሕዝቡ አፍ ሆና አወጀች፦ «ጋሼ፣ ሶሪ፣ ፍሪ ፍሩት የሚሰጠው እዚህ ነው? ፖስተሩን አይተን ነው።»

የሔርሜላ ፊት ከሣሉት ፍሬ ይልቅ ቀላ፤ ሊቅነታቸውንም ይዘው ከበሩ ኋላ ተሸሸጉ። አቶ ፍረዘጊ ግን ደጃቸው የመጣን ሰው ባዶ እጁን መመለስ ነውር ሆነባቸውና፣ ለሳምንት የገዙትን ፖም ይዘው ወጡ፤ እያደሉም በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጁ፦ «ይህ ሥዕል ስሜ ነው። ፍሬድ አይደለሁም፤ ፍረዘጊ ነኝ። በሉ እስቲ!»

ተቀባዩም ሁሉ ፖሙን ጨብጦ «ፍረ-ዘ-ጊ» አለ፤ ጃማይካዊቷ እመቤት ደጋግማ ተሳስታ በመጨረሻ አጥርታ ስትጠራው ሕዝቡ አጨበጨበ። አቶ ፍረዘጊም ወደ ግድግዳው ዞረው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከዚያች ቀን ወዲህ በሕንጻው ውስጥ ፍሬድ የሚላቸው ጠፋ። ስለዚህም ማንም ያላነበበውን ጽፈው ድል የነሡ፣ ከበር ኋላ ሆነው ሕዝብን ያስተማሩ ሊቀ ሊቃውንት ሔርሜላ ክብራቸው ከፍ ከፍ ይበል፤ ስማቸውም ለዘላለም ይታወስ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እርሳቸውን የሚጠራው «ፍሩት ሌዲ» እያለ ነውና።